የስድሳ ስድስተኛው ሰዓት ብልቃጥ

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የፕሮፌሰር ወልደ ዮሐንስን አስከሬን ከጣና ያወጡት ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ከደረጃው ግርጌ፣ ደንገሉ ሥር፣ በደረታቸው ተደፍተው ነበር የተገኙት። ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ አስከሬኑ በአንድ አሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። የሚያለቅስ የለም፤ ስማቸውን እየጠራ ደረቱን የሚመታ የለም። በአሥራ ስምንት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ሰው ያጣ ሞት ግን አላጋጠማትም።

«ጎረቤት የላቸውም?» ብላ ጠየቀች።

«ጎረቤትስ አለ» አለ ሳጅን ቃለ ሕይወት። «ግን የሚያውቃቸው የለም። ዕድር አልገቡ፣ ማኅበር አልጠጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚህ ቤት ተከራይተው እንቁላል ሲያሞቁ ነው የሚውሉት ይላሉ። ለሽያጭ አይደለም፤ ለምርምር ነው።» ሳጅኑ ወደ ደረጃው ጠቆመ። «ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሷል። አንሸራቷቸው ወደቁ። ምን ሌላ ነገር ይፈለግበታል?»

የብርጓል ተንበርክካ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። ቁስሉ ከኋላ፣ ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። በአፍንጫቸው ግራና ቀኝ ሁለት ጥልቅ ምልክቶች አሉ።

«መነጽራቸው የት አለ?»

ዓሣ አጥማጆቹ ውሃው ውስጥ እየዳሰሱ ፈለጉ፤ አልተገኘም። የተገኘው ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ የፊተኛው አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ያለበት ሳሎን፣ የኋለኛው የምርምር ክፍላቸው። በውስጠኛው ክፍል የማይክሮስኮፑ መብራት እንደበራ ነው፤ መነጽሩ ከጎኑ ተቀምጧል። የብርጓል አንሥታ ዓይኗ ላይ ብታደርገው ክፍሉ በሙሉ ቀለጠባት።

«እንዲህ ያለ መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ትቶ አረንጓዴ የለበሰ ደረጃ አይወርድም፣ ቃለ ሕይወት። ያወለቁት በማይክሮስኮፑ ለማየት ነው። ከዚህ ወንበር በራሳቸው እግር አልተነሡም።»

ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ከማይክሮስኮፑ ሌንስ ሥር ምንም የለም። ከጎኑ የስላይድ መስታወቶች የሚቀመጡበት ሳጥን ተከፍቶ፣ ከተደረደሩት መካከል የአንዱ ቦታ ባዶ ሆኗል። በዕቃው ሁሉ ላይ ስስ አቧራ አለ፤ አንድ ከባድ የብረት መቆሚያ ብቻ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ግድግዳው ሥር የእንቁላል ማስፈልፈያው ማሽን በዝግታ ያንጎራጉራል። በመደርደሪያው ላይ ሰባት ብልቃጦች ተሰልፈዋል፤ በየብልቃጡ ላይ በፕሮፌሰሩ የእጅ ጽሕፈት የግእዝ ቁጥር ተለጥፏል፦ ፴፮፣ ፵፪፣ ፵፰፣ ፶፬፣ ፷፣ ፷፮፣ ፸፪። በስድስቱ ውስጥ ከምስር የማይበልጥ ነጭ ነገር ሰጥሟል። ሰባተኛው ፈሳሽ ብቻ ነው።

የተከፈተው ደብተር የመጨረሻ መስመር ላይ ሦስት ቃላት ተጽፈዋል፦ «ሦስቱም አንድ ናቸው።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከሰዓት በኋላ ደወለላት። «መጀመሪያ ተመትተዋል። የሞቱት ግን ውሃ ውስጥ ነው። ሰዓቱን አትጠይቂኝ፤ ውሃ የነካው ሬሳ ሰዓት አይናገርም። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ንጋት ባለው ጊዜ ነው።»

ሰኞ ጠዋት የብርጓል ወደ ዘንዘልማ ወጣች። ለፕሮፌሰሩ እንቁላል የሚያቀርበው ጀላሉዲን፣ በአዳዲስ ቤቶችና በበቆሎ ማሳ መካከል የዶሮ እርባታ አለው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ሲናገር እጁን የሚያወራጭ ሰው ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አላት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል አደርስላቸዋለሁ። አውራ ያገኘው መሆን አለበት፤ ሌላውን አይቀበሉኝም።»

«እንዴት ነበሩ?»

«ደህና አልነበሩም። ሌላ ጊዜ አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እያዩ ነው የሚቀበሉኝ። ያን ዕለት ሳያዩ ወሰዱት። ልወጣ ስል ‹ጀላሉዲን፣ ያሳደግኸው ልጅ ቢዋሽህ ምን ታደርጋለህ?› አሉኝ። ‹እቆጣዋለሁ› አልኋቸው። ‹ሌላ ልጅ ባይኖርህስ?› አሉኝ።»

«ልጅ አላቸው እንዴ?»

«ኧረ የላቸውም። እኔም ስመለስ መንገዱን ሁሉ እሱን እያሰብሁ ነው የመጣሁት።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ምስክር ካሉኝ አራት መቶ ዶሮ አለልዎት።»

ከዘንዘልማ መልስ የፕሮፌሰሩን ታላቅ እኅት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ባለች ጠባብ ቤታቸው አገኘቻቸው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ። ወለተ ሚካኤል ጥቁር ለብሰው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ማንም አልነበረም።

«ወንድሜን ካየሁት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጄ» አሉ። «እናታችን ያረፈች ጊዜ ሰው ላክሁበት። እዚሁ ከተማ ነው ያለው፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ። የደረሰው ግን ሰው ከቀብር ሲመለስ ነው። ‹ሽሉን የማወጣበት ሰዓት ሆኖብኝ ነው› አለኝ። የእንቁላል ሰዓት! ከዚያ ወዲያ እሱም ደጄን አልረገጠ፣ እኔም ደጁን አልረገጥሁ።»

«እማማ፣ ቅዳሜ ግን በራፉ ላይ ጎረቤት አይቶዎታል።»

ወለተ ሚካኤል የነጠላቸውን ጥለት ይጠቀልሉ ጀመር። «ሄጃለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ዕድሜዬ ገፋ፤ ሳንታረቅ አንዳችን ብንሞት ብዬ ፈራሁ። መብራቱ በርቷል። አንኳኳሁ። በልጅነት ስሙ ጠራሁት። አልከፈተልኝም። እስኪጨልም በራፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ድምፄን ለይቶ ነው ዝም ያለኝ ብዬ ሄድሁ።»

የብርጓል ደብተሩን አሳየቻቸው። አሮጊቷ የመጨረሻዋን መስመር አነበቡ። አማተቡ።

«ይህማ ምሥጢረ ሥላሴ ነው። አባታችን ያስተማሩን ነው። ተመልሶልኝ ነበር ለካ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ስትገባ አዛዡ ቆሞ ጠበቃት። የፕሮፌሰሩ ተማሪና የምርምር ረዳት ሱምያ ተይዛለች። አባቷ አብዱልከሪም፣ የወረታ ነጋዴ፣ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቁልፍ ያላት እሷ ናት» አለ አዛዡ በጣቱ እየቆጠረ። «ዓርብ ዕለት የተጣላችው እሷ ናት። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ የገባችው እሷ ናት፤ ራሷ ናት ያመነችው። ሌላ ማን አለ?»

«እስከ ነገ ቀትር ጊዜ ስጡኝ» አለች የብርጓል።

ሱምያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በማልቀስ ብዛት ፊቷ አብጧል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«የሽሉን ሕዋሳት ለይቶ የሚያሳየውን ማቅለሚያ ሦስት ጊዜ ሠራሁ፤ ሦስቴም ሕዋሳቱ አልታዩም። ‹እጅሽ ነው የተበላሸው› ብለው ጮኹብኝ። ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።» ስልኳን ጠየቀች፤ ሲሰጧት አንድ መስመር አሳየች። «ቅዳሜ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ደውለውልኛል። ክፍል ውስጥ ነበርሁ፤ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አርባ ተማሪ አስተምራለሁ። አላነሣሁም። ማታ አዲስ ማቅለሚያ ይዤ ሄድሁ። ጠራኋቸው፤ መልስ የለም። የውስጠኛው ክፍል መብራት በርቶ አየሁ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ሰው እንዲገባባቸው አይወዱም። ጠርሙሱን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።» አንገቷን ደፋች። «እዚያ ውስጥ ያሉ መስሎኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ሥራው ምን ነበር? እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

ሱምያ እንባዋን ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ እየጠና መጣ።

«አንዱ ነርቭ ከቆዳ ወሬ ያመጣል፤ ሌላው ጡንቻን ያዛል። በመካከላቸው ግን ከነርቭ ጋር ብቻ የሚነጋገሩ አሉ፤ አገናኝ ነርቮች እንላቸዋለን። የብዙዎቹ ሥራ ‹ቆይ› ማለት ነው። እነሱ ባይኖሩ ሰውነት አንዴ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አያባራም።»

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ህብለ ሰረሰር ገና ቀጭን ቱቦ ሳለ ከጀርባ በኩል አንድ ኬሚካል ይሰርግበታል፣ ከሆድ በኩል ሌላ። ለጀርባ የቀረበው ሕዋስ አንድ ዓይነት ነርቭ ይሆናል፣ ለሆድ የቀረበው ሌላ፣ መሐል ያለው ደግሞ ሌላ። ማንነቱን ከለየ በኋላ ከተወለደበት ለቆ ይሄዳል። ፕሮፌሰር የሚፈልጉት የመጀመሪያዎቹ የሚለዩበትን ሰዓት ነው። ለዚህ ነው ሐሙስ ንጋት ላይ እንቁላሎቹን በአንድ ጊዜ ማስፈልፈያ አስገብተው ከሠላሳ ስድስተኛው ሰዓት ጀምሮ በየስድስት ሰዓቱ አንድ ሽል አውጥተው ብልቃጥ ውስጥ የሚያስቀምጡት። ሌሊት አይል ቀን አይል።»

«ሽሉን ማውጣት ማንም ይችላል?»

«ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከእርጥብ ወረቀት ይሳሳል። በዚህ ከተማ የሚችል ሦስት ሰው ነው፤ ፕሮፌሰር፣ እኔና ዶክተር ጥዑመ ልሳን።»

የብርጓል ስትወጣ አብዱልከሪም ከአግዳሚው ተነሡ። «ልጄ» አሉ በለሆሳስ፣ «የእኔይቱ ሱምያ መጀመሪያ ሰሞን እንቁላል ስትሰብር ‹ነፍስ ነው› እያለች ታለቅስ ነበር። ይህን ብቻ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ዶክተር ጥዑመ ልሳን በፔዳ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ መጽሐፍ በሞላበት ቢሮው ተቀበላት። አርባ ዓመት የሆነው፣ ንጹሕ አለባበስ ያለው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። በሚቀጥለው ወር የአንድ አዲስ የምርምር ማዕከል ኃላፊ ሆኖ ይሾማል።

«አባቴ ሲሞት አባት ሆኑኝ» አለ። «እጄን ይዘው ነው መቁረጥ ያስተማሩኝ። በሞታቸው ዕለት እዚህ አለመኖሬ ነው የሚያቃጥለኝ። የአጎቴ ተዝካር ነበር፣ ማክሰኝት። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመናኸሪያ ተነሣሁ፤ መቶ ሰው አይቶኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤቴ፣ ዕቃ ሳሰናዳ። ብቻዬን ነበርሁ። ግን ጠዋቱ ምን ይጠቅማል? እሳቸው እስከ እኩለ ሌሊት ሲሠሩ ነበር።»

«በምን ይታወቃል?»

«ብልቃጦቹን አይተዋቸው የለም? በየስድስት ሰዓቱ ነው። የስድሳ ስድስተኛው ሰዓት ገብቷል፣ የሰባ ሁለተኛው ባዶ ነው። እንግዲህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከንጋት በፊት ነው።»

የብርጓል ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች፤ አንድ ነገር ልትጠይቅ ብላ ተወችው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከበበ የታተመ ገጽ ተሰቅሏል። ሦስት ጥቁር ክብ ሥዕሎች፣ በውስጣቸው አረንጓዴ ነጥቦች፣ ከሥራቸው 54፣ 60፣ 66 የሚል ቁጥር አለ።

«ይህስ?»

«የእኔና የፕሮፌሰር ጽሑፍ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ። አገናኝ ነርቮች በሃምሳ አራተኛው ሰዓት እንደሚለዩ ያሳየንበት። ሥዕሎቹ ከየሰዓቱ ሽል የተቆረጡ ናቸው።»

«ያምራል። ፎቶ ላንሣው?»

«ይቻላል» አለ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ።

ምሽቱን የብርጓል ፔዳ አካባቢ ተማሪ በሞላበት ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዋን ራቷን በላች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ከመግባት ጫጫታ ውስጥ መቀመጥ ይቀላታል። ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ እያሰፋች እያጠበበች ስታየው ምግቡ ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ ጠዋት ሱምያን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ቤት ሄደች። ብልቃጦቹን ከመደርደሪያው አወረዱ።

«የአንድን ሽል ዕድሜ እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ህብለ ሰረሰሩን ግራና ቀኝ የያዙ ጥንድ ጥንድ ጉብታዎች አሉት፤ ኋላ አጥንትና ጡንቻ የሚሆኑ። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አንድ ጥንድ ይጨምራል። በብልቃጡ ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ግን በዚያችው ደቂቃ ይቆማል። እንቁላል ከእንቁላል አንድ ሁለት ጥንድ ሊለያይ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።»

«እኔ ልቁጠር» አለች የብርጓል።

ሱምያ እያንዳንዱን ሽል ሌንሱ ሥር አደረገችላት። የብርጓል በእርሳስ ጫፍ እየቆጠረች ስድስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፈች። ከዚያ ለሱምያ የስልኳን ፎቶ ሰጠቻት። ሱምያ ስልኩን አየችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አዞረችው። ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በዚያው ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ወለተ ሚካኤል፣ ጀላሉዲን፣ ሱምያና አባቷ፣ ጥዑመ ልሳን፣ በሩ ሥር ደግሞ አዛዡ። የሳሎኑ ወንበር አንድ በመሆኑ ወለተ ሚካኤልን አስቀምጠው ሌላው ቆመ። ሳጅን ቃለ ሕይወት ብቻ አልመጣም።

«ፕሮፌሰር ወልደ ዮሐንስ አልወደቁም» ብላ ጀመረች የብርጓል። «መነጽራቸውን አውልቀው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከኋላቸው በብረት መቆሚያ ተመትተዋል። መቆሚያው ከዚያ በኋላ ታጥቧል። ከጀርባቸው ሰው ቆሞ ሥራቸውን ካልተዉ፣ ያ ሰው የሚያምኑት ሰው ነው። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነበር። ብልቃጦቹ ፕሮፌሰሩ እስከ እኩለ ሌሊት በሕይወት ነበሩ ይላሉ። ልጣፊዎቹ በራሳቸው እጅ የተጻፉ ናቸው።»

«ቀድመው ነው የሚጽፏቸው» አለች ሱምያ። «ሐሙስ ዕለት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ።»

«አዎ። እኔም ልጣፊውን ትቼ ሽሎቹን ቆጠርሁ።» ወረቀቷን አነሣች። «የሠላሳ ስድስተኛው ሰዓት ሽል አሥራ አንድ ጥንድ ጉብታ አለው። የአርባ ሁለተኛው አሥራ አምስት። የአርባ ስምንተኛው፣ ማለት ቅዳሜ ንጋት የወጣው፣ አሥራ ዘጠኝ። በየስድስት ሰዓቱ አራት አራት ይጨምራል፤ ልክ ነው። የሃምሳ አራተኛው ሃያ ሁለት። የስድሳኛው ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት መሆን ነበረበት፤ ሃያ ሁለት ነው። የስድሳ ስድስተኛው ሠላሳ መድረስ ነበረበት፤ ሃያ አንድ ነው።»

አዛዡ ከበሩ ቀና አለ። «ምን ማለት ነው?»

«ሦስቱ ሽሎች ከእንቁላል የወጡት በአንድ ሰዓት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሁለት ሦስት ጥንድ ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ሰዓት ተኩል ጨምሩበት፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አቶ ጀላሉዲን ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት አይተዋቸዋል። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልክ ደውለዋል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ተመቱ። የመታቸው ሰው ሦስት እንቁላል አከታትሎ ከፍቶ ሦስት ብልቃጥ ሞላ። ፖሊስ ልጣፊ ያነባል እንጂ ጉብታ አይቆጥርም ብሎ።»

ወለተ ሚካኤል በዝግታ ቀና አሉ። «እኔ ሳንኳኳ እንግዲህ...»

«አልነበሩም፣ እማማ። ድምፅዎን ሰምተው ዝም አላሉዎትም። ከጠዋት ጀምሮ አልነበሩም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሽል ማውጣት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ቀርተዋል» ስትል የብርጓል ቀጠለች። «ሱምያ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት አርባ ተማሪ ፊት ቆማ ነበር። ደግሞስ ሞቱን ወደ ማታ መግፋት እሷን ምን ይጠቅማታል? የተያዘችው በማታው ነው። ጠዋቱ የሚያስፈራውና ማታው የሚያድነው ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጥዑመ ልሳን ዞሩ።

«ግምት ነው» አለ። «ሽል ከሽል ይለያያል።»

«በአንድ ሁለት ይለያያል፤ በዘጠኝ አይለያይም። ትናንት ደግሞ የስድሳ ስድስተኛው ገብቷል፣ የሰባ ሁለተኛው ባዶ ነው አሉኝ። ይህ ቤት ከእሑድ ጀምሮ ታሽጓል። እኔ አልነገርሁዎትም። ከማክሰኝት ሆነው እንዴት አዩት?»

ጥዑመ ልሳን ወደ በሩ ዞረ።

«ምክንያቱን የነገሩኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው» አለችና ደብተሩን ከፈተች። ወደ ወለተ ሚካኤል ስትዞር ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚህ የተጻፈው እርስዎ እንዳሰቡት ስለ ሥላሴ አይደለም።» የስልኳን ፎቶ አነሣች። «በዶክተሩ ግድግዳ ላይ የሦስት የተለያዩ ሰዓታት ሽሎች ተብለው የታተሙ ሦስት ሥዕሎች አሉ። ሱምያ፣ ያየሽውን ንገሪያቸው።»

«አንድ ሥዕል ነው» አለች ሱምያ። «አንዱ ተገልብጧል፤ አንዱ ተዟዙሮ ደምቋል። ጥጉ ላይ ያለችው ስንጥቅ በሦስቱም ላይ አለች። በሃምሳ አራተኛው ሰዓት እነዚያ ሕዋሳት አይታዩም። ለዚህ ነው የእኔ ማቅለሚያ ሁልጊዜ ባዶ የሚወጣው። እጄ አልነበረም።»

«ፕሮፌሰሩ የድሮውን ስላይድ ከሳጥኑ አውጥተው ከታተሙት ሥዕሎች ጋር አስተያዩትና ደረሱበት። ሦስቱም አንድ ናቸው ብለው ጻፉ። ሊክሱሽ ደወሉልሽ። አላነሣሽም። ከዚያ ያሳደጉት ልጅ መጣ።»

በዚህ መሐል ሳጅን ቃለ ሕይወት ገባ፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ቀጭን የስላይድ መስታወት ለየብርጓል ሰጣት። «በዶክተሩ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ።»

የብርጓል መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። «ይህን ሐይቁ ውስጥ ቢጥሉት ምስክር አልነበረኝም። ለምን አልሰበሩትም?»

ጥዑመ ልሳን መስታወቱን ሲያይ ትከሻው ወረደ።

«በሕይወቴ እንደሱ ያለ ቆርጬ አላውቅም» አለ። «የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ‹አሁን አንተ ባለሙያ ሆንህ› አሉኝ። ከሌሎቹ ሁለት ሰዓታት የቆረጥኋቸው ተበላሹብኝ፤ ሕትመቱ ደርሷል። አንዱን ሦስት አደረግሁት። ስምንት ዓመት ማንም አላወቀም። ቅዳሜ ጠርተውኝ መጣሁ። ‹ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት እጽፋለሁ፤ የእኔም ስም አለበትና አብረን እንዋረዳለን› አሉኝ። ለመንኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ‹ና፣ ራስህ እየው› ብለው ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አሉ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሞተው ነው ያወረድኋቸው። እምላለሁ፣ ሞተው ነበር።»

የብርጓል ልትነግረው አልፈለገችም። ግን መነገር ነበረበት።

«ሳንባቸው ውስጥ የሐይቅ ውሃ ተገኝቷል። ደረጃውን ሲያወርዷቸው ይተነፍሱ ነበር።»

ጥዑመ ልሳን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሳጅኑ እስኪያነሣው ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። አብዱልከሪም የልጃቸውን ትከሻ አቅፈው ወደ ውጭ ሲወስዷት ወለተ ሚካኤል ወደ ደብተሩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልውሰደው? ስለ ሥላሴ ባይሆንም ጽሕፈቱ የእሱ ነው» አሉ።

«ለፍርድ ቤት ያስፈልጋል፣ እማማ። ሲያልቅ ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

ቀብሩ ረቡዕ ሆነ። ዕድር ስላልነበረ ድንኳን የተከለ የለም፤ ሳጥኑን የተሸከሙት ሦስት ዲያቆናት፣ ቃለ ሕይወት፣ ጀላሉዲንና ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አብዱልከሪም ግን ከወረታ ዘመዶቻቸውን በመኪና ጭነው መጡ፤ ራሳቸው ያመጡትን ሸራ በወለተ ሚካኤል ደጅ ወጠሩ፣ ሴቶቹም ምግብ ይዘው ነበር። ጀላሉዲን ከዘንዘልማ ወንበር በባጃጅ አመላለሰ።

ዓርብ ሠልስት ነበር። የብርጓል የደንብ ልብሷን ቀይራ፣ ጥቁር ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ከሰዓት በኋላ መጣች። ለምርመራ አልነበረም። ከሸራው ሥር አምስት ስድስት ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ሱምያ ውሃ ታድላለች። የብርጓል ወንበር ሳታነሣ ከመግቢያው አጠገብ ቆመች። በባሏ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ሥራ ገብታ ነበር፤ ሰው እንዲያለቅስላት ጊዜ አልሰጠችም፤ አሁንም እንዴት እንደሚቀመጡ የጠፋት መሰላት።

ወለተ ሚካኤል ከምንጣፉ ላይ ቀና ብለው አዩዋት።

«ምነው ቆምሽ? ሥራ አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ቤትሽ የሚጠብቅሽ ሰው አለ?»

የብርጓል በአሉታ ራሷን ነቀነቀች።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ጠጋ አሉላት። የብርጓል ጫማዋን አውልቃ ከጎናቸው ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ወለተ ሚካኤል ስለ ወንድማቸው ልጅነት ማውራት ጀመሩ፤ ከሐይቁ ዳር አብረው ደንገል ሲያጭዱ እንዴት ውሃ ውስጥ እንደገፈተራቸው፣ ራሱ ገፍትሮ ራሱ እንዳለቀሰ። ሲናገሩ እየሳቁ ነበር። ሲጨርሱ የብርጓል ስለ ባሏ አንድ ነገር አነሣች። ከአራት ዓመት ወዲህ ስሙን ጮክ ብላ ስትጠራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።